የግራ ጉንጭ ፀሐይ

ኢንስፔክተር ማናለብሽ አብነት ሰፈር ስትደርስ የተነገራት ስለ አንድ ሬሳ ነበር፤ ያገኘችው ግን አንድ ሬሳና ሬሳ ለመሆን ትንሽ የቀረው አንድ ወጣት ነው።

ከሻንጣ ሠሪው ከሁመድ ሱቅ በር ላይ፣ ኮብልስቶኑ መሐል፣ ሰፈርተኛው ክብ ሠርቶ ይረግጣል። ዱላ ያገኘ በዱላ፣ ያላገኘ በጫማው፣ ጉልበት ያነሰው በምራቁ። በወደቀ ግንድ ምሳር ይበዛበታል ያሉት አበው ይህን ሰፈር ሳያዩት አልቀሩም። ማናለብሽ ትከሻዋን አስቀድማ ሰው እየገፋች ገባች። የማን እንደሆነ ያልታወቀ ክርን ከንፈሯን ሰነጠቀው። ያኔ ሽጉጧን መዘዘችና ወደ ሰማይ ተኮሰች።

«የሚቀጥለው ወደ ሰማይ አይደለም!»

ክቡ ተበተነ። መሬት ላይ የቀረው ሙስአብ ይባላል፤ የሁመድ ሠራተኛ ነው። አንድ ዓይኑ አብጦ ተደፍኗል፤ ከጆሮው ደም ይወርዳል፤ ሲተነፍስ ደረቱ ውስጥ የሆነ ነገር ይንኮሻኮሻል።

«ገዳይ ነው!» አለ ፊቷ የቆመ ደንዳና ሰው። «ጌታውን ገድሎ መዶሻውን በእጁ ይዞ ነው የደረስንበት!»

«እርስዎስ ምን ይዘዋል?»

ሰውየው እጁን አየ። የብረት ዘንግ ነው፤ ጫፉ ላይ ፀጉር ተጣብቆበታል። እንደ እሳት ወረወረው። ሮቤራ ነበር፤ የሁመድ የግድግዳ ጎረቤት፣ በያጅ፣ በሰፈሩ «ዝንብ አይገድልም» የሚባልለት ሰው።

አምቡላንሱ ሙስአብን ሲያነሣ አንዲት ሴት ሻሿ ወልቆ እየሮጠች መጣችና የኢንስፔክተሯን ክንድ ጨመደደች። መርየም ናት፤ ሙስአብ አንድ ልጇ ነው፤ አባቱ የሞተው ገና ሳይጠባ ነው።

«ሁመድ ለሱ አባቱ ነበር! ጥርስ ሳያበቅል ጀምሮ ያሳደገውን ሰው ሊገድል? ልጄን ከነነፍሱ ትመልሽልኛለሽ?»

ማናለብሽ ለአዳዲስ መርማሪዎች ስታስተምር አንደኛው ትምህርቷ «ለማንም ቃል አትግቡ» የሚል ነው። ከንፈሯ ላይ ያለውን ደም ጠረገችና፣ «እመልስልዎታለሁ» አለች።

ወደ ሱቁ ገባች።

ሁመድ በሥራ ጠረጴዛውና በግድግዳው መካከል በጎኑ ወድቋል። የራስ ቅሉ ከኋላ በኩል ተሰብሯል። አንድ ምት አይደለም፤ የመታው ሰው ሁመድ ከወደቀ በኋላም አላቆመም። ያላለቀ ቡናማ ሻንጣ አጠገቡ አፉን ከፍቶ ተቀምጧል፤ ደሙ ውስጡ ገብቶ ረግቷል። ወንበር አልተገለበጠም፣ ዕቃ አልተበተነም። ሁመድ ጀርባውን የሰጠው ለሚያምነው ሰው ነው። የጓሮው በር ገርበብ ብሏል።

ግድግዳው ላይ ከእኛ አገር እስከ ህንድ የሚያሳይ ትልቅ የባሕር ካርታ ተለጥፏል። ደሙ ተረጭቶ ውቅያኖሱን ሁሉ አዥጎርጉሮታል። መካ ላይ አንድ ሚስማር፣ አዲስ አበባ ላይ አንድ፣ ህንድ ላይ ሦስት ተመትተዋል። ከአዲስ አበባ ወደ መካ አረንጓዴ ክር ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ይወጣል። ህንድ ያሉት ሚስማሮች ግን ባዶ ናቸው።

«ጋሽ ሮቤራ፣ ይህ ምንድነው?»

ሮቤራ በሩ ላይ ቆሟል። ሬሳውን ላለማየት ካርታውን አየ።

«ልንሄድ ነበር» አለ። «ሁመድ ዕድሜውን በሙሉ ለሐጅ ተጓዥ፣ አረብ አገር ለሚሄዱ ሴቶች፣ ለማንም ሻንጣ ሲሠራ ኖረ፤ አንድም ቀን ግን የራሱን አንግቶ ከዚህ አገር አልወጣም። ህንድ እንሂድ አለን። ቱሪስት የሚጎርፍበትን ታጅ ማሃልን አይደለም። ሐበሾች የነገሡበትን፣ በመጽሐፍ ዳር እንኳ የማይጻፈውን። በባርነት ተሽጦ ሄዶ ጦር አዛዥ የሆነው የማሊክ አምባር መቃብር አለ። ባሕር መሐል የቆመው የጃንጂራ ምሽግ አለ፤ እኔ የዚያን መድፍ ብረት መዳሰስ ነበር ምኞቴ። ደግሞም አሕመዳባድ ውስጥ ሐበሻ ያሠራው መስጊድ አለ።»

«ክሩስ?»

«ቂብላ ነው። በየደረሰበት ወዴት ዞሮ እንደሚሰግድ አስቀድሞ ማወቅ ፈለገ። የሚያየውን ቦታ ሁሉ በሻንጣ ክር ከመካ ጋር አሰረው። ሁመድ እንዲህ ነበር፤ ያልለካውን አይቆርጥም።»

«የህንዶቹ ክሮች የት ሄዱ?»

«ትናንት ነበሩ!»

ማናለብሽ ወደ ካርታው ተጠጋች። የደሙ ፍንጣቂ በተረጨበት ውቅያኖስ መሐል ሦስት ቀጫጭን ንጹሕ መስመሮች ከህንድ ተነሥተው ወደ ግራ፣ ወደ መካ ይሄዳሉ። መካ ላይ ባለው ሚስማር የተበጠሰ የክር ቁራጭ ተንጠልጥሏል፤ ቁራጩ በደም ተነክሯል። ክሩን በጥፍሯ ነካ አደረገችው። ሰም የተቀባ የሻንጣ ናይለን ነው፤ በቀላሉ አይበጠስም።

«ሙስአብን ለምን ጠረጠራችሁት?»

«ትናንት አብሬያችሁ ካልሄድኩ ብሎ ተጣላው። ሱቁን ማን ይጠብቃል ሲለው፣ ‹ሱቅህ ይቃጠል!› ብሎ ጮኸ፤ ሰፈሩ ሁሉ ሰምቷል። ዛሬ ደግሞ ከመርካቶ ዚፕ ገዝቶ ገባ፤ ወዲያው ጩኸት ሰማን። ስንደርስ በደም ታጥቦ መዶሻውን ይዟል።»

«ሌላ ሰው ሲገባ ሲወጣ አላያችሁም?»

ሮቤራ አንገቱን ደፋ። «ጠዋቱን ሙሉ የበር ፍሬም ስበይድ ነበር። የብየዳ ብርሃን ሲበራ በዚህ መንገድ የሚያልፍ ሰው ሁሉ ፊቱን ያዞራል። እኔም ጭምብል ውስጥ ነኝ።»

ከዚያ ስልኩን አወጣ። ለተጓዥ ጓደኞቻቸው መንገር አለበት። ማናለብሽ ቆማ አዳመጠችው። ለሁለቱም የተናገረው አንድ ዓይነት ነበር፦ «ሁመድ ትንሽ አሞታል፤ ቶሎ ድረሱ።»

መጀመሪያ የመጣችው ፋይዛ ናት፤ ተክለ ሃይማኖት ጨርቅ ትሸጣለች። ከታክሲው ሳትወርድ ጩኸቷ ወረደ። አንድ እግሯ ላይ ጫማ፣ ሌላው ላይ ነጠላ ጫማ አድርጋለች። «ጋሼ! ጋሼ ሁመድ!» እያለች ደረቷን ስትደቃ ሁለት ሴቶች ደግፈው አስቀመጧት።

ቀጥሎ የመጣው አብዱልከሪም ነው። ሰፈሩ «ህንዱ» ይለዋል። በወጣትነቱ ጠፍቶ ከዓመታት በኋላ «ከህንድ መጣሁ» ብሎ የተመለሰ፣ ከዚያ ወዲህ የህንድን ታሪክ ሲተርክ ያረጀ፣ ሱፍ ለባሽ ሽማግሌ ነው። አሁን የሚኖረው ሰንጋ ተራ ኮንዶሚኒየም ነው። ጉዞውን የሚመራው እሱ ነበር። በግራ እጁ ብርቱካን የሞላበት ፌስታል አንጠልጥሏል።

«በሽተኛው የት ተኛ?» አለ።

የሰማው ሁሉ ፊቱን አዞረ። ሮቤራ አቅፎት ሲነግረው ፌስታሉ ከእጁ ወደቀ፤ ብርቱካኖቹ በኮብልስቶኑ ቁልቁል ተንከባለሉ። ማናለብሽ ይህን አይታ አዘነችለት፤ ምስኪን፣ እስከ መጨረሻው ተስፋ ያልቆረጠው እሱ ብቻ ነው አለች በልቧ። ሰላም ስትለው የዘረጋላት መዳፉን ሳይሆን የእጁን አንጓ ነው።

«ይቅርታ፣ እጄ ንጹሕ አይደለም» አላት።

ፋይዛን ያነጋገረቻት ሮቤራ ሱቅ ውስጥ ነው።

«ጋሽ ሁመድ በቅርቡ የተለየ ነገር ነግሮሽ ነበር?»

«ትናንት ማታ ደውሎ ሲስቅ ነበር» አለች ፋይዛ አፍንጫዋን እየጠረገች። «‹ፋይዛ፣ ክሩን ስወጥር አንድ ጉድ አገኘሁ› አለኝ። ምንድነው ስለው ‹መጀመሪያ ባለቤቱን ላናግረው፤ ሰው ፊት አይሆንም› አለ። ቪዛችን ወጥቶ ስለነበር ደስታው ነው ብዬ ተውኩት።»

«ባለቤቱ ማነው?»

«አላለኝም። ጋሽ ሁመድ ሰው አያማም። እሱ እንደ ህንዱ ወሬ አያበዛም።»

«ህንዱ ወሬ ያበዛል?»

ፋይዛ በዕንባዋ መሐል ፈገግ አለች። «የሰንጋ ተራ ሕፃን ሁሉ ወሬውን በቃሉ ያውቀዋል። እኔ ራሴ ለመሄድ የወሰንኩት ያንን የድንጋይ ዛፍ ሰምቼ ነው።»

አብዱልከሪም የድንጋይ ዛፉን ራሱ አወራላት። ማናለብሽ ስለ ጉዞው ስትጠይቀው መጀመሪያ አለቀሰ፤ ከዚያ ልማዱ አሸነፈውና ዓይኑ በራ።

«አሕመዳባድ ሲዲ ሰይድ የሚባል ሐበሻ ያሠራው መስጊድ አለልሽ፣ ልጄ። መስኮቱ ድንጋይ ነው፤ ግን ዛፍ ሆኖ፣ ቅጠሉ ቅርንጫፉ ሳይቀር ተፈልፍሏል። ከቀትር በኋላ የዐስርን ሶላት ስሰግድ ፀሐይዋ በድንጋዩ ቅርንጫፎች ሾልካ ግራ ጉንጬን ታሞቀኝ ነበር። እስከ ዛሬ ይሞቀኛል።» በግራ እጁ ግራ ጉንጩን ዳሰሰ። ቀኝ እጁ ኪሱ ውስጥ ነው።

«ዛሬ ጠዋት የት ነበሩ?»

«ቤቴ ተኝቼ። ብቻዬን። የሽማግሌ ምስክሩ አልጋው ነው።»

«ሙስአብ ይገድለዋል ብለው ያስባሉ?»

አብዱልከሪም ዓይኑን ጠረገ። «ወጣት ነው» አለ። «ወጣት ሲናደድ ምን እንደሚያደርግ አላህ ያውቃል።»

እንግዲህ ይህ ሰው አንድ ቃል ቢተነፍስ ያ ልጅ ስሙ ይጸዳ ነበር፤ እሱ ግን በተሰበረው ልጅ ላይ አንድ ድንጋይ ጨምሮ ተመቻችቶ ተቀመጠ። ማናለብሽ ይህን ገና አላወቀችም። ብታውቅ በዚያች ደቂቃ በጥፊ ትለው ነበር።

በማግሥቱ ጠዋት ሆስፒታል ሄደች። ሙስአብ ጽኑ ሕሙማን ክፍል ነው፤ እናቱ መግባት ተከልክላ ኮሪደሩ ላይ መሬት ላይ ተቀምጣለች። ሐኪሙ ለማናለብሽ አጭር ጊዜ ፈቀደላት። መዳፎቹን ገልብጣ አየቻቸው። ቁስል የለባቸውም፤ ዕድሜ ልኩን የለፋበት የሥራ ጠባሳ ብቻ ነው። ጤነኛ ዓይኑ ተከፈተ።

«ጋሼ ተነሡ?» አለ በሹክሹክታ።

«አንተ ዕረፍ» አለችው።

«ከበዱኝ። ቀና ላደርጋቸው ሞከርኩ... መዶሻው ከሥራቸው ነበር...» ዓይኑ ተመልሶ ተከደነ። ሐኪሙ በምልክት አስወጣት፤ በር ላይም፣ «ጭንቅላቱ ውስጥ ይደማል፤ ይተርፋል ብዬ ልዋሽሽ አልችልም» አላት።

ከሆስፒታሉ ወደ አብነት ስትመለስ የሁመድ ታላቅ ወንድም በከር ከወሎ ደርሷል። ከፍ ያለ፣ ሽበታም፣ በጋቢው ሥር ጩቤ የታጠቀ ሰው ነው። ከቀብር መልስ በለቅሶው ድንኳን መሐል ቆሞ ለሁሉም በሚሰማ ድምፅ ተናገረ፦

«ወንድሜን አፈር አልብሼዋለሁ። የገደለው ግን አልጋ ላይ ተኝቶ ሐኪም ያስታምመዋል። ከዐስር ሶላት በኋላ እዚያ ሆስፒታል እሄዳለሁ። የሚያቆመኝ ካለ አሁን ይቁም።»

ማንም አልቆመም። አንዳንዱ ጭራሽ አብሮት ለመሄድ ጫማውን አስተካከለ። ማናለብሽ ለሆስፒታሉ ዘበኛ ፖሊሶች ደወለችና ደጁን አስጠበቀች፤ ግን ታውቃለች፦ ዛሬ ቢከለከል ነገ ይመጣል፤ ነገ ባይሆንለት ዘመዱን ይልካል። ይህን ደም የሚያቆመው እውነተኛው ስም ብቻ ነው።

ዐስር ደረሰ። ወንዶቹ ከድንኳኑ ጎን ባለው መንገድ ተሰልፈው ቆሙ። ማናለብሽ ለጸሎት ወደ ምሥራቅ የምትዞር ሴት ናት፤ የሌላውን ስግደት አጥርታ አይታው አታውቅም። ዛሬ ሌላ የምታየው ስለሌላት አየች። ፀሐይዋ ወደ መጥለቂያዋ አዘንብላለች። የሰጋጆቹ ሁሉ ግራ ጉንጭ ቀልቷል፤ ቀኙ ጥላ ውስጥ ነው። ከመስመሩ መሐል አብዱልከሪም አለ፤ የእሱም ግራ ጉንጭ ቀልቷል።

ማናለብሽ ወደ ሁመድ ሱቅ ሮጠች ማለት ይቻላል። ካርታው ፊት ቆማ ከአዲስ አበባ ወደ ላይ የሚወጣውን ክር፣ ከዚያ ከህንድ ወደ ግራ የሚሄዱትን ሦስት ንጹሕ መስመሮች አየች። ተመልሳ ስትወጣ ለሆስፒታሉ ፖሊስ ደውላ መርየምን ወደ አብነት እንዲያመጣት አዘዘች።

«ልጄን ትቼ?» አለች መርየም በስልኩ።

«የልጅዎን ስም ስናጸዳ እርስዎ ፊት ይሁን። ሰፈሩ ዓይንዎን እያየ ይስማ።»

መርየም ስትገባ ድንኳኑ አጉረመረመ። ማናለብሽ አጠገቧ አስቀመጠቻት። አንድ ሽማግሌ ዱዓ ሲያደርግ ሰው ሁሉ መዳፉን ወደ ላይ ዘረጋ። አብዱልከሪምም ዘረጋ፤ የሰው ዓይን ሁሉ ባለበት እጅ ኪስ ውስጥ አይቀመጥማ። ማናለብሽ በዚያ ሁሉ መዳፍ መሐል አንዱን ብቻ አየች። «አሚን» ሲባል ብድግ አለች።

«አቶ በከር፣ ሆስፒታል ከመሄድዎ በፊት አምስት ደቂቃ ይስጡኝ። ካላሳመንኩዎት ራሴ እወስድዎታለሁ።»

በከር አንገቱን ነቀነቀ።

«ገዳዩ ከገደለ በኋላ ወዲያው አልሸሸም» ብላ ጀመረች። «ካርታው ላይ ደም ተረጭቷል፤ ክሮቹ የነበሩበት መስመር ግን ንጹሕ ነው። ስለዚህ ጋሽ ሁመድ ሲመታ ክሮቹ ነበሩ። ከዚያ በኋላ ነው የተበጠሱት። ሬሳ እግሩ ሥር ወድቆ፣ ደጅ ሰው እያለፈ፣ ቆሞ ክር የሚበጥስ ሰው ምን ዓይነት ነው? ክሩ ከሬሳው ይልቅ የሚያስፈራው ሰው ነው።»

«ሙስአብ ጉዞውን ጠልቶ ቢበጥሰውስ?» አለ አንድ ድምፅ ከኋላ።

«የሻንጣ ክር በባዶ እጅ ሲበጥሱት ሥጋ ይቆርጣል፤ ጋሽ ሮቤራ ያውቃሉ። መካ ላይ የቀረው ቁራጭ ደም ነክሮታል። የጋሽ ሁመድን ጣቶች አየሁ፤ ጤነኛ ናቸው። የሙስአብን ዛሬ ጠዋት አየሁ፤ ጤነኛ ናቸው። ደግሞ ያ ልጅ ሻንጣ ሠሪ ነው፤ ክር በመቀስ እንጂ በእጁ አይበጥስም።»

መርየም ዓይኗን ከፍ አደረገች።

«ጋሽ ሮቤራ ትናንት ሁለት ሰው ጋር ደወሉ። ‹ሁመድ ትንሽ አሞታል፣ ቶሎ ድረሱ› ነበር ያሉት። እስኪ ንገሩኝ፣ በዚህ አገር ይህ ሲባል ምን ይገባናል?»

«መርዶ ነው» አሉ ሴቶቹ።

«መርዶ ነው። ጤነኛ የነበረ ሰው ‹ትንሽ አሞታል፣ ቶሎ ና› ሲባልበት ጉልበት ይከዳል። ፋይዛ ሁለት ዓይነት ጫማ አድርጋ መጣች። አቶ በከርስ ምን ተባሉ?»

«‹ታሟል› አሉኝ» አለ በከር። «መንገዱን ሁሉ እያለቀስኩ መጣሁ።»

«ያልሰማ ሰው እንዲህ ነው፤ አያውቅም፣ ግን ይጠረጥራል። አንድ ሰው ግን ምንም አልጠረጠረም። ሱፉን ለበሰ፣ ብርቱካን መርጦ ገዛ፣ ‹በሽተኛው የት ተኛ› ብሎ ገባ። እኔም አዘንኩለት፤ እግዜር ይይልኝ፣ አዘንኩለት! ለካስ ይህን ያህል የዋህ ለመምሰል የሚጨነቀው የጋሽ ሁመድን ሞት አስቀድሞ የሚያውቅ ብቻ ነው።»

ዓይን ሁሉ ወደ አንድ ቦታ ዞረ።

«ለታመመ ወዳጅ ብርቱካን መግዛት ወንጀል ሆነ?» አለ አብዱልከሪም። ድምፁ አልተንቀጠቀጠም።

«አልሆነም። ስለዚህ ሌላ ልጠይቅዎ። ዛሬ ዐስር ሲሰግዱ ፀሐይዋ የት ነበረች?»

«ይህ ምን ጥያቄ ነው?»

«በግራ» አለ ሮቤራ ቀስ ብሎ። «ሁሌም በግራ ነው ሲሰግዱ የማያቸው። ወደ ሰሜን ነው የሚዞሩት።»

«መካ ከእኛ በስተሰሜን ናትና። ህንድ ላይስ? ህንድ ላለ ሰው መካ በምዕራቡ ናት፤ የጋሽ ሁመድ ሦስት ክሮች ወደዚያ ነበር የሚሄዱት። በዚያ መስጊድ ዐስር የሚሰግድ ሰው ፀሐይዋ የምታሞቀው ግንባሩን ነው። እርስዎ ግን ዕድሜ ልክዎን ‹ግራ ጉንጬን ታሞቀኝ ነበር› ሲሉ ኖሩ። ያቺ ፀሐይ የአብነት ፀሐይ ናት፣ ጋሽ አብዱልከሪም። ህንድን አያውቋትም። ረግጠዋትም አያውቁም።»

ፋይዛ አፏን በእጇ ያዘች።

«ጋሽ ሁመድ ያልለካውን አይቆርጥም። ክሩን ሲወጥር ገባው። ‹ሰው ፊት አይሆንም› ብሎ ለብቻዎ ጠራዎት። እርስዎም በጓሮ በር መጡ። እስኪ ቀኝ እጅዎን ያሳዩን፤ በዱዓው እኔ አይቼዋለሁ፣ ሌላውም ይየው።»

አብዱልከሪም እጁን አየ። ቀስ ብሎ ዘረጋው። በአራቱ ጣቶች ላይ በምላጭ የተሰመረ የሚመስል ቀይ ቁስል ተሻግሯል።

«ሳቀብህ ወይ ብትዪኝ አልሳቀም» አለ። አሁን የሽማግሌ ድምፅ ሆኗል። «ቢስቅ ኖሮ እሸከመው ነበር። ጅቡቲ ወደብ ላይ ጆንያ ተሸክሜ ነው የኖርኩት። የድንጋይ ዛፉን አንድ የህንድ መርከበኛ ነው ያወራልኝ። ባዶ እጄን ስመለስ ምን ይዘህ መጣህ ሲሉኝ ያንን ሰጠኋቸው። ከዚያ ወዲህ ሰው የሚያከብረኝ እሱን ነው። ሁመድ ‹አብሽር፣ ለማንም አልናገርም› አለኝ። ‹አሁን አብረን እንሄዳለን፤ ከዚያ በኋላ ታሪክህ እውነት ይሆናል› ብሎኝ ሻይ ሊቀዳልኝ ጀርባውን ሰጠኝ። አዘነልኝ! እያንዳንዷን ቀን ያንን ኀዘኑን ዓይኑ ውስጥ ማየት...»

አልጨረሰም። በከር ጋቢውን ጥሎ እንደ ነብር ዘሎበታል። ጩቤው ብልጭ ሲል ማናለብሽ የበከርን ክንድ መታች፤ ለደረት የተላከው ስለት ትከሻ ላይ ተሰካ። አግዳሚው ተገለበጠ፣ ሴቶች ጮኹ፣ የሽማግሌው ደም ሱፉ ላይ ወረደ። ሮቤራ በከርን ከኋላ አንቆ ይዞ ሁለቱም መሬት ላይ ወደቁ። ማናለብሽ ጩቤውን በእግሯ አሽቀንጥራ፣ አብዱልከሪምን በፊቱ ደፍታ፣ ያንን የተቆረጠ እጅ ከግራው ጋር በካቴና ቆለፈችው። ሁለት ፖሊሶች እየጎተቱ ሲያወጡት ዘወር ብሎ አንድም ሰው አላየም።

ከዚያ ድንኳኑ ወደ መርየም ዞረ። አንዷ ሴት ጉልበቷ ሥር ወደቀች፤ ሌላዋ እጇን ሳመች። «አውፍ በዪን! ይቅር በዪን፣ እትዬ!» አሉ። በከር ራሱ ከመሬት ተነሥቶ፣ ፊቱ አቧራ እንደለበሰ፣ «ልጅሽን ልገድል ነበር፤ ልጄ ነው ከዛሬ ጀምሮ» አላት። መርየም ሻሿን አሰረችና ለመሄድ ተነሣች።

«ልየው አሁን» አለች። «ነፃ ነህ ልበለው።»

የማናለብሽ ስልክ ጠራ። ከሆስፒታሉ ፖሊስ ነው። ሰማችው። «እሺ» ብቻ አለች። ስልኩን ስታወርድ መርየም ፊቷን እያየቻት ነበር። ማናለብሽ ይህን ነገር በሽማግሌ፣ በሌላ ቀን፣ በሌላ አፍ እንዲነገር በወደደች። ግን እናትየዋን ከልጇ ደጅ ያነሣቻት እሷ ናት።

«ሞተ?» አለች መርየም።

«ሞተ። ቃሌን መጠበቅ አልቻልኩም።»

መርየም አልጮኸችም። ተመልሳ ተቀመጠች፤ ወገቧ የተቆረጠ ይመስል ወደቀች እንጂ አልተቀመጠችም ማለት ይሻላል። ሴቶቹ ሊይዟት ሲዘረጉ እጃቸውን ገፋችው። ድንኳኑን ከዳር እስከ ዳር አየችው፤ ያገባችውን፣ የወለደችውን፣ ባሏን የቀበረችውን ሰፈር።

«የሁመድን ገዳይ አገኘሽው» አለቻት ማናለብሽን። «አንቺ ሥራሽን ሠርተሻል። የእኔን ልጅስ ማን ገደለው?»

ከድንኳኑ ውጪ አንድ ሚኒባስ ወያላ «መርካቶ! መርካቶ!» እያለ አለፈ። ውስጥ ግን ሰው ሁሉ መሬት መሬት ያያል። ይህንን ለማወቅ ክርም ካርታም አያስፈልግም።

ሮቤራ ከበከር አጠገብ ተነሣ። ሁለት እጁን፣ ብረት ያጠቆረውን፣ ወደ ፊት ዘረጋ።

«የመጀመሪያውን የመታሁት እኔ ነኝ» አለ። «በዘንግ። ጭንቅላቱን።»

ከኋላ ረድፍ ሌላ ሰው ተነሣ። ከዚያ ለለቅሶተኛው ውሃ ስታድል የነበረች ሴት ጆጉን መሬት አስቀመጠችና ቆመች። ከዚያ ሁለት ወንድማማቾች አንድ ላይ ተነሡ። አንዳንዱ ገና እንደተቀመጠ ፊቱን በእጁ ሸፍኗል፤ አንድ ሁለቱ በድንኳኑ ጠርዝ ሾልከው ሊወጡ ሲሉ በከር መውጫው ላይ ቆመባቸው።

ማናለብሽ ስልኳን መልሳ አነሣች።

«ትልቁን መኪና ላኩልኝ» አለች።